አቅጣጫ ነጋሪዋና ሽቅብ የወጣው በግ

የሰሜን ተራራዎችን ለማየት ሰው ከባሕር ማዶ ይመጣል። እኔ ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር ሱቅ ከፍቼ፣ ሊማሊሞን በቅጡ ያየሁት ግን በቀደም ነው፤ ያውም በግ ላርድ ስሄድ። ተመልሼ ሱቄን ስከፍት ሰዉ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ገደሉ ሳይሆን ስለ በጉ ሆነ። ለእያንዳንዱ ከምተርክ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ይኸው ተቀመጥኩ።

ነገሩ የጀመረው በካርቶን ነው። የእህቴ ባል ጀማል መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ያስመጣል፤ እኔ አራዳ ላይ ስልክ እሸጣለሁ፣ የተሰበረም እጠግናለሁ። አንድ ቀን በአውቶቡስ ሹፌር እጅ በፌስታል የተጠቀለለች ካርቶን ላከልኝ። ስከፍታት ከስልክ ወፈር ያለች፣ ጠርዟ በጎማ የተለበጠ፣ አናቷ ላይ አጭር የአንቴና ጉጥ ያላት ጥቁር መሣሪያ ወጣች። አገላብጬ ሳልጨርስ ደወለልኝ።

«ኢዱ፣ ደረሰችህ? አቅጣጫ ትመራለች፣ ቀጠሮ ትይዛለች፣ የሰው ስምና የምትሠራውን ሥራ መዝግባ ታስታውስሃለች። ኔትዎርክ አትፈልግም፤ ከሳተላይት ጋር ነው የምትነጋገረው። ለአስጎብኚ፣ ለመሬት ቀያሽ፣ ለእንስሳት ሐኪም ትሆናለች ብዬ በብዛት ላዝዝ ነው። አንተ የተራራ አገር ሰው ነህ፤ ሞክራትና ፍርድህን ንገረኝ።»

«ስልክ እያለ ይችን ማን ይገዛል?»

«እሱን እኮ ነው ንገረኝ የምልህ» ብሎ ዘጋው።

በዚያው ሳምንት ከአባቴ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ መጣ። አባቴ ሐጂ ዑስማን በወጣትነታቸው ጨርቅና በርበሬ ጭነው ከጎንደር እስከ አዲ አርቃይ ይነግዱ ነበር። ከሊማሊሞ በታች፣ ሾላ ግርጌ በምትባል መንደር፣ አያ ጫኔ የሚባሉ ገበሬ ቤት ያድራሉ። አያ ጫኔ ክርስቲያን ናቸው። በእኛ አገር ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን አይበላም፤ እስላሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ይህ ግን ወዳጅነት አስቀርቶ አያውቅም፤ የደጋሹን ሥራ እጥፍ ያደርገዋል እንጂ። ሰርግ ያለው ክርስቲያን ለእስላም ወዳጆቹ ለብቻው ዳስ ይጥላል፣ ድስታቸውን ይዘው የሚመጡ የእስላም ሴቶች ይጠራል፣ በጉንም እስላም ያርደዋል። በአያ ጫኔ ቤት ያ አራጅ ሁልጊዜ አባቴ ናቸው። ልጅ ሲዳርም ሆነ ተዝካር ሲወጣ ከእሳቸው እጅ ሌላ እጅ ገብቶበት አያውቅም።

ዘንድሮ አያ ጫኔ የመጨረሻ ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። የአባቴ ጉልበት ግን መስጊድ ድረስ መሄድ እንኳ ካቃተው ቆይቷል። አባቴ አፍረው ይህንኑ በስልክ ሲነግሯቸው፣ አያ ጫኔ ከወዲያ ጮኸው የመለሱትን አጠገባቸው ተቀምጬ ሰማሁት።

«ምነው ሐጂ! ጉልበትህ እንቢ ካለ እጅህን ላክልኝ!»

እጅ ሆኜ የተላክሁት እኔ ነኝ። አባቴ ቢላቸውን ከነአፎቱ አውጥተው ሰጡኝና፣ «እንዳታሳፍረኝ» አሉ። «እንግዳው የሚገባው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ በጉ በጧት ካልታረደ ሴቶቹ ምኑን ይሠሩታል? የጫኔ እስላም እንግዳ ሽሮ በልቶ ወጣ ከተባለ ለእኔም ለእሱም ሞት ነው።» መንገዱንም ነገሩኝ፦ ከደባርቅ በማኪና ሊማሊሞን ጨርሼ እወርዳለሁ፤ መንደሯን አልፌ ከድልድዩ ላይ እወርድና ወደ ኋላ ሽቅብ በእግሬ እመለሳለሁ።

«አልፎ ሄዶ መመለስ ለምን አስፈለገ?» አልኳቸው።

«መንገዱ እንደዚያ ነዋ» አሉኝ።

እኔ ግን የሳተላይት ወዳጅ ነበረችኝ። የሙሽራዋ ወንድም ጌትነት ደባርቅ ነው የሚሠራው፤ ለድግሱ ቤት ሲገባ የቤታቸውን የካርታ ነጥብ በስልኩ ወስዶ ልኮልኝ ስለነበር እሱን መሣሪያዋ ላይ አስገባሁ። አማርኛ ስለማትጽፍ አያ ጫኔ በፈረንጅ ፊደል ተጻፉ። ቀጠሮዎቼን ሞላሁ፤ «ቢላ እንዳትረሳ» የሚል ማስታወሻም ሰጠኋት። የመካን አቅጣጫ እንድታሳየኝ ሳደርጋት ከሰፈራችን መስጊድ ቂብላ ጋር ልክ ገጠመች። በዚህ ልቤ ሙሉ በሙሉ አመናት።

ዓርብ

ጁምዓ ሰግጄ በአውቶቡስ ከመናኸሪያ ወጣን። መሣሪያዋ ትናገራለች፤ በእንግሊዝኛ፣ ቆፍጠን ባለ የሴት ድምፅ። ድምጿን የሚቀንሰውን ቁልፍ ገና አላገኘሁትም ነበር። ከከተማ ሳንወጣ አንድ ተሳፋሪ ጆንያዬን ረሳሁ ብሎ ሹፌሩ ወደ ኋላ ሲመለስ እሷ ትእዛዟን ታወርደው ጀመር።

«ማናት እሷ? ቲኬት ቆርጣለች?» አለ ረዳቱ።

«መሣሪያ ናት፤ መንገድ ትመራለች።»

«እና አሁን ምን ትላለች?»

«ተመለሱ ነው የምትለው።»

ሹፌሩ በመስታወቱ ገላመጠኝ። «ከእናቴ ቤት ይልቅ የማውቀውን መንገድ ተመለስ ትበለኝ? አርፈሽ ተቀመጪ በላት።»

ከጎኔ ጠበል በጀሪካን የያዙ አንዲት እማሆይ ተቀምጠው ነበር። መሣሪያዋን ከድሮ የሚያውቋት ይመስል አዩዋትና፣ «ተዋት ልጄ፣ ማዘዝ የለመደባት እሜቴ ናት» አሉ። አውቶቡሱ በሳቅ አውካካ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሟ እሜቴ ሆነ፤ እኔም እስከ ዛሬ በሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም።

አምባ ጊዮርጊስ ልንደርስ ስንል የኋላ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ሲወርድ እሱም ነፋስ የለውም። ሹፌሩ መጀመሪያ ጎማውን፣ ቀጥሎ ረዳቱን፣ በመጨረሻም እኔን አየ። «ይኼንንስ እሜቴ ምነው አልነገረችን?» አለ። ጎሚስታው ከከተማ እስኪመጣ ከምንጠብቅ ብለን በእግራችን ገባን። እሜቴ የቀረንን ርቀት እየቆረጠች ስታሳየኝ፣ እማሆይ ጀሪካናቸውን አዝለው ከፊት ከፊቴ ይሄዱ ነበር፤ አልደረስኩባቸውም።

ጎማው እስከ ማግስቱ እንደማይሠራ ሲታወቅ ወይዘሮ የሺ የምትባል ሴት ምግብ ቤት ገባን። ዓርብና ረቡዕ ለእስላም መንገደኛ ሸጋ ቀን ነው። ክርስቲያኑ ስለሚጾም ሥጋ ከቤቱ አይገኝም፤ ሁላችንም አንድ ትሪ ከበን እንበላለን። የሺ ግን ስሜን ስትሰማ ወደ ጓዳ ተመለሰችና ሌላ ድስት ይዛ ወጣች። «ይችኛዋ ሥጋ ነክቷት አያውቅም፤ ልብህ እንዳይጠራጠር» አለችና ሽሮውን እንደ አዲስ ሠራችልኝ። ቤቴ ያለችው ሚስቴ እንኳ የትናንቱን ወጥ አሙቃ ታቀርብልኛለች፤ እዚህ የማላውቃት ሴት ለእኔ ብላ እንደገና ሽንኩርት ከተፈች።

አልጋ ሁሉ ተይዞ ስለነበር የልጇን አልጋ ለቀቀችልኝ፤ ልጁ እሷ ዘንድ ተኛ። ጎንደር ላይ በረደኝ ያለ ሰው ጋቢ ይደርባል፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጋቢውም ራሱ ይበርደዋል። እሜቴ በማለዳ እንድትቀሰቅሰኝ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞላኋትና ተጠቅልዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ

አልቀሰቀሰችኝም። የቀሰቀሰችኝ የሺ ናት፤ በሩን በጡጫዋ እየደበደበች «አንተ ሰውዬ፣ ማኪናው ሊሄድልህ ነው!» ስትል ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ። የሮጥኩት በከንቱ ነበር፤ ጎሚስታው ገና ከጎማው ጋር ይታገላል። ጎማው ተጠግኖ ስንነሳ ረፍዷል።

ዳባት ላይ ሹፌሩ ቆሞ ሰው ሲጭን፣ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ሰዉ ሁሉ ስለ ምሳ ሲያስብ፣ እሜቴ ከኪሴ ውስጥ እሪ አለች። ማንቂያዋ ነው። እሷ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ነው የምትቆጥረው፤ እኔ ደግሞ እንደ ማንኛውም የእናት ልጅ ከንጋት። የጧት አሥራ ሁለቴን ለቀን አጋማሽ አድርጋ ነበር የያዘችልኝ።

«ምን አለች?» አለ ረዳቱ፤ እሱ ጆሮው ከእሷ ላይ ተነስቶ አያውቅም።

«ተነሥ፣ ነግቷል ነው የምትለው።»

«ገና አሁን?» አለና ለሹፌሩ ተናገረው፤ ሹፌሩም ለጭነኛው፤ ጭነኛው ከውጭ ቆመው ለነበሩት ሁሉ። ከዳባት የተሳፈሩት ሳይቀሩ «እንዴት አደርክ?» እያሉኝ ገቡ። ለጀማል ከምነግረው ውስጥ የመጀመሪያው ይኼ ሆነ፤ እኛ አገር የሚሸጥ ቀጠሮ አስታዋሽ ከሁሉ በፊት የእኛን ሰዓት መቁጠር ይማር።

ደባርቅ ስንደርስ ብርዱ የአምባ ጊዮርጊሱን አስረሳኝ። የገባሁበት ማረፊያ ጠባቂ አያ ይርጋ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ገና ስገባ ለእግሬ ሙቅ ውኃ አቀረቡልኝ፤ የአራት ቤት ጎረቤት ጠይቀው ከእስላም ቤት ዕራቴን አስመጡልኝ። ሥራዬን ስነግራቸውም ፊታቸው በራ። «አራጅ ነህ? ታዲያማ ልትዘገይ አይገባም። ማለዳ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ ኢሱዙ አለ፤ ከሹፌሩ አጠገብ ቦታ አስይዝልሃለሁ» አሉኝ።

እሜቴን ሳወጣት ሞታለች። ብርዱ ባትሪ ድንጋይዋን ጨርሶባታል። አያ ይርጋ ልጃቸውን ልከው ከሱቅ አዲስ ድንጋይ አስገዙልኝና፣ «ብብትህ ውስጥ አሳድራት፤ ጫጩት ሲበርዳት እንዲያ ነው» አሉ። ሳቅሁባቸው፤ ግን እንዳሉት አደረግሁ።

ከመተኛቴ በፊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ የነገውን መንገድ አየሁባት። የማኪናው መንገድ እንደተዘረገፈ አንጀት ይጠማዘዛል፤ የአያ ጫኔ ቤት ግን በቀጥታ ሲለካ ቅርብ ነው። ከደባርቅ ሜዳ ሜዳውን፣ ጎንደር ውስጥ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው እንደመሄድ ያለ መንገድ ብቻ ነው የሚቀረኝ። ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወርዶ፣ አልፎ ሄዶ፣ ደግሞ ሽቅብ መመለስ ሞኝነት መሰለኝ። የአባቴ ዘመን ሰው ሳተላይት ስላልነበረው ነው አልኩ።

እሑድ

ጎህ ሲቀድ ኢሱዙው ጡሩንባ ሲነፋ አያ ይርጋን አመስግኜ፣ በእግሬ ነው የምሄደው አልኳቸው።

«ምነው?»

እሜቴን አሳየኋቸው። ቀስቷን አዩ፣ ቀስቷ ወደምታሳየው አዩ፣ እኔን አዩ። «በዚያ በኩል እኮ መንገድ አላውቅም» አሉ።

«እሷ ታውቃለች።»

«እንግዲህ ካወቀች» አሉና የተቀቀለ ባቄላ በወረቀት ጠቅልለው ኪሴ ከተቱልኝ።

ያ ጧት ደስ ይል ነበር፤ መዋሸት አልፈልግም። ገብሱ ታጭዷል፤ ሰንበት ነውና በየውድማው ተከምሮ ቆሟል፤ ያየኝ ሁሉ እጁን ያነሳል። ጎንደር ላይ የማያውቅህ ሰው ሰላም ካለህ ሊሸጥልህ ያሰበው ነገር አለ፤ እዚህ ሰላምታው ለሰላምታነቱ ብቻ ነው። ቀስቷ አንዴም ሳትወዛወዝ ወደፊት ትጠቁማለች፤ ርቀቱ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል። የአባቴን ቢላ በወገቤ እየዳሰስኩ፣ ከሁሉ ቀድሜ ደርሼ «እንዲህ ነው እንጂ!» ስባል ይታየኝ ነበር።

ከዚያ ምድሩ አለቀ።

ሌላ አባባል የለኝም። ገብሱ አለቀ፣ ሣሩ አለቀ፣ ከእግሬ ጫፍ ቀጥሎ ያለው ጉም ነው። ጉሙ ገለጥ ሲል ከታች፣ በጣም ከታች፣ አንዲት የቆርቆሮ ጣሪያና ከጎኗ ሁለት የተጣሉ ዳሶች ታዩኝ። የአያ ጫኔ ቤት ነው። ሁለተኛው ዳስ የእኛ፣ የእስላሞቹ ነው። ጭስ አልነበረውም፤ ሴቶቹ ሥጋ እየጠበቁ ነው። እሜቴ ቀስቷን ወደ ባዶው አየር ቀስራ «ጥቂት ቀርቶሃል» ትለኛለች።

ተቀመጥኩ። ተመልሼ ደባርቅ ብሄድና ማኪና ባገኝ እንኳ ከሰዓት በኋላ ነው የምደርሰው። የአባቴ ፊት መጣብኝ፤ «እንዳታሳፍረኝ» ያሉኝ ድምፅም። ጎልማሳ ነኝ፣ የልጆች አባት ነኝ፣ ግን ሳልዋሽ እንባዬ መጥቶ ነበር።

«ምነው አያ፣ መንገድ ስተህ ነው?»

ዞር ስል አንዲት ጠንካራ ሴት የገብስ ክምር መጠበቂያ ዱላ ይዛ ቆማለች፤ ባሏ ከኋላዋ አለ። ብርቄና ውበቱ ይባላሉ፤ ማሳቸው እስከ ገደሉ አፋፍ ነው። የሆነውን ነገርኳቸው። ብርቄ እሜቴን ተቀብላ አገላበጠቻትና፣ «ይች ነገር ክንፍ ያለህ መስሏት ነው» አለች። ከዚያ ዱላውን ለባሏ ሰጥታ፣ ነጠላዋን አጥብቃ፣ አፋፉ ላይ ወጥታ ቆመች።

የዚህ አገር ሰው ከተራራ ተራራ ይጠራራል። ሰምቼው ነበር፤ ከጎኑ ቆሜ ግን አላውቅም።

«የጫኔ ቤት ሆ...ይ!» ስትል ጆሮዬን ያዝሁ። ድምፁ ወርዶ፣ ከወዲያኛው ገደል ተጋጭቶ፣ ተመለሰ። መዳፏን ከጆሮዋ ኋላ አድርጋ ጎንበስ አለች። ከታች ቀጭን «አቤ...ት!» መጣ።

«አራጃችሁ እኛ ዘንድ ነው...!»

«የት...?»

«አፋፉ ላይ...!»

«ምን ሊሠራ ወጣ...?»

«መሣሪያ አሳስቶት...!»

እንግዲህ ይህን የሰማው አያ ጫኔ ብቻ አይደለም። በሸለቆው ውስጥ ያለ ገበሬ ሁሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሁሉ፣ ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ በሚመጣበት መንገድ ያለ ሁሉ ሰማ።  ከዚያ ከታች ሌላ፣ ሸካራ ያለ የሽማግሌ ድምፅ ወጣ፤ ቃሉ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ቢደርስም ብርቄ አንድም አላመለጣትም።

«አያ ጫኔ ራሳቸው ናቸው» አለችኝ። «አራጁ ወደ በጉ ካልመጣ በጉ ወደ አራጁ ይምጣ እያሉ ነው።»

መሐል ገደሉ ላይ ምንጭ ያለባት፣ ፍየሎች የሚጠጡባት ትንሽ ደልዳላ አለች። ለእነሱ ከታች እስከዚያች መውጣት ምንም አይደለም። እኔን ግን ውበቱ ኩታውን ወገቤ ላይ አስሮ፣ ጫፉን በእጁ ይዞ፣ «ወደ ታች አትይ፣ ተረከዜን እይ» እያለ ነው ያወረደኝ። ጫማዬ ለሱቅ የተሠራ ጫማ ነው። የወረድኩት ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በመቀመጫዬ ነው፤ ሱሪዬ ላይ የቀረው ምልክት ይመሰክራል። እሜቴ በደረቴ ተንጠልጥላ ድንጋይ በነካኝ ቁጥር ትንጫጫለች።

ደልዳላዋ ላይ ስንደርስ ቀድመውናል። ጌትነት ሙክቱን በትከሻው ላይ ጭኖ፣ ላቡ እየወረደ ይስቃል። ከኋላው አያ ጫኔ፣ ለሰርግ በለበሱት ነጭ ኩታ፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። በሕፃንነቴ ጎንደር ቤታችን ሲመጡ አውቃቸው ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸው ወገቤ ላይ ሄደ። ቢላውን ከነአፎቱ ነካ ነካ አደረጉት።

«ይኼማ የሐጂ ቢላ ነው» አሉና ትከሻዬን ስመው ስመው አልጠግብ አሉ። «በልጅነቱ እንደ አባትህ ያለ ሸጋ ወጣት አልነበረም። እሱም የመጀመሪያ ቀን ጠፍቶ እኮ ነው እኔ ቤት የገባው! አልነገረህም?»

አልነገሩኝም ነበር።

ሙክቱን ላጋድም ስል ጉሙ ዙሪያችንን ዋጠው። ፀሐይ የለች፣ ጥላ የለ፤ ከዚያ ሁሉ መጠማዘዝ በኋላ ቂብላ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋብኝ። ያን ጊዜ እሜቴ ትዝ አለችኝ። መካ የሚለውን ነካሁ፤ ቀስቷ ዞር ዞር አለችና በምንጩ በኩል ቆመች። አያ ጫኔ አጎንብሰው አይተው፣ «ለዚህስ ረባች» አሉ። ጌትነትና ውበቱ እግሩን ሊይዙልኝ ቀረቡ፤ አያ ጫኔም ወደ ኋላ ራቅ ብለው ኩታቸውን ሰበሰቡ።  ቢስሚላሂ አልኩ። የአባቴ ቢላ አንዴ ነው ያለፈው።

«አልሐምዱሊላህ!» ያሉት አያ ጫኔ ናቸው። ይህን ያህል ዘመን አባቴ አጠገብ ቆመው ሲሰሙ ለምደውታል።

ጌትነት ወዲያው በጉን ተሸክሞ እንደ ድኩላ ቁልቁል ተፈተለከ። እኔ አያ ጫኔና ውበቱ መሐል ሆኜ እግሬን እየመረጥኩ ስወርድ፣ ከታች ከሁለተኛው ዳስ ጭስ ሲነሳ አየሁ። ሥጋው ቀድሞኝ ደርሷል። ደስታዬን እንዴት ብዬ ልናገር? ገደል ላይ ተንጠልጥዬ ብቻዬን እስቅ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ከደባርቅና ከአዲ አርቃይ የመጡት እስላም እንግዶች ሲገቡ ወጡ ደርሶ ነበር። በዚያኛው ዳስ ክርስቲያኖቹ፣ በዚህኛው እኛ በላን። ከተበላ በኋላ ግን ዳስ የሚባል ነገር ቀረ፤ ጭፈራው ሁሉንም ቀላቀለው። ከገደሉ አፋፍ በኢሱዙ ሳይሆን በእግሯ የወረደችው ብርቄ ከበሮውን ተቀብላ ወዲያው አወረደችብኝ፦

በጉ ወጣ አሉ ገደሉን ሽቅብ፣
አራጁ ቢያቅተው ወደ ታች መቅረብ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ሙሽራዋም ማልቀስ በሚገባት ሰዓት ዓይነ ርግቧን ገልጣ ሳቀች። እኔም መሐል ገብቼ በተቀደደ ሱሪዬ እስክስታ ወረድሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ማታ አያ ጫኔ የራሳቸውን መደብ ለቀውልኝ በአዲስ ቁርበት አስተኙኝ። ከመተኛቴ በፊት እሜቴን አምጣት አሉኝና ቤታቸውን በትክክል መያዟን ጠየቁኝ። ይዛለች አልኳቸው። «እንግዲያ እንዳታጠፋው» አሉ።

ሰኞ

የተመለስኩት አባቴ በነገሩኝ መንገድ ነው። ከመንደሯ ቁልቁል ወርጄ ድልድዩ ላይ ስደርስ ኢሱዙ መጣ፤ ሊማሊሞን ሽቅብ በማኪና ስንወጣ ሹፌሩ ፊቴን አየት አድርጎ፣ «በጉ የወጣለት ሰው አንተ ነህ?» አለኝ። ደባርቅ ላይ አያ ይርጋ ባቄላው ጣፍጦኝ እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ወርጄ ለየሺ ከሰርጉ የመጣ ድፎ ዳቦ ሰጠኋት። ጎንደር ስገባ ከተማው እንደ እቶን ሞቀኝ።

ጀማል ዕለቱን ማታ ደወለ። የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ፀሐይ ላይ ፊቷ በደንብ ይነበባል፤ ብትወድቅ አትሰበርም፤ ድንጋይዋ ብርድ አይችልም፤ አማርኛ አትጽፍም፤ ሰዓታችንን አታውቅም። አቅጣጫ ላይ ዋሽታ አታውቅም፤ ግን ሰው ወፍ ይመስላታል። «መንገዱን ለሚያውቅ ሸጋ ናት። ለማያውቅ ከሆነ አብረህ ብርቄን ሽጥለት» አልኩት።

«ብርቄ ማናት?»

«ረጅም ነገር ነው። ጥቂት አምጣ፤ ብዙ አታምጣ። ይችኛዋ ግን አትመለስም።»

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ቤት ስገባ አባቴ ሁሉን ሰምተው ነበር፤ ከደባርቅ የመጡት እንግዶች ገና ሳይመለሱ ደውለውላቸዋል። ቢላውን ስሰጣቸው ተቀብለው አፎቱን ዳሰሱና እስኪያስላቸው ሳቁ። ያ ሳቅ የሚያስፈራኝን ሁሉ አስረሳኝ።

«አባ፣ እርስዎም የመጀመሪያ ቀን ጠፍተው ነበር አሉ» አልኳቸው።

«ጫኔ ወሬኛ ነው» አሉ።

መግሪብ ሰግደው ምንጣፋቸው ላይ እንደተቀመጡ እሜቴን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩና የአያ ጫኔን ቤት ነካሁ። ቀስቷ ዞር ዞር አለችና መስታወት በተሰቀለበት ግድግዳ በኩል ቆመች።

«እዚያ ነው?» አሉ።

«እዚያ ነው አባ። በቀጥታ።»

ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩዋት። ጉልበታቸውን በእጃቸው ይዘው ትንሽ ዞር አሉ፤ ቀስቷም አብራ ዞረች፤ ከዚያው ከግድግዳው ግን አልተነቀለችም። ወደ ቂብላ ተመለከቱ፣ መልሰው ቀስቷን አዩ።

«ከቂብላ ትንሽ ወደ ቀኝ ነው።»

«አዎ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ።»

ዓይናቸው እርጥብ ሆኖ፣ ፊታቸው ግን እየሳቀ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ስግደቴን ጨርሼ ፊቴን ወደ ቀኝ አዙሬ ሰላም ስል፣ ጫኔም ሰላምታዬ ውስጥ ነበራ!»